ከልጄ ውል ግርጌ የጻፍኩት መስመር

ልጄ ቅርጫት ኳስ የተማረችው ሽምብራ እዘራበት በነበረ መሬት ላይ ነው። መሬቱ አሁን የፋብሪካ ግቢ ነው፤ እኔም የፋብሪካው ዘበኛ ነኝ። ሰበታ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል፣ ማንም አይደነቅበትም። ቀድሞ ከብት እንዳይገባብኝ የምጠብቀውን ቦታ ዛሬ ሰው እንዳይገባ እጠብቃለሁ። ልዩነቱ ዩኒፎርሙ ነው።

መሬቱ ሲወሰድ አንድ ወረቀት አምጥተው ፈርም አሉኝ። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ "በማታውቀው ቋንቋ ጽፈው ሸወዱህ" ሊለኝ ይቸኩላል። አይደለም። ወረቀቱ የተጻፈው በኦሮምኛ፣ በእናቴ ቋንቋ ነው። ማንበብ ያልቻልኩት እሱን ነው። አውራ ጣቴን ቀለም አስነክተው ወረቀቱ ላይ ጫኑት። ጎረቤቶቼም ጫኑ። ምን ይላል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። መጠየቅ አለማንበብን ማሳወቅ ነው፤ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት ማን ራሱን ያዋርዳል?

ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ ወዲህ ነው፣ ጢሜ ከሸበተ በኋላ። መጀመሪያ ቁቤውን፣ የኦሮምኛውን ፊደል፣ ከልጄ ደብተር ላይ ለቃቀምኩ። የአማርኛውን ያስተማረኝ ከወላይታ የመጣ የመጋዘን ሠራተኛ ነው። ጴንጤ ነው፤ ትዕግሥቱ ያናድዳል። የበሩ መዝገብ የሚሞላው በአማርኛ ነበር፣ እኔ ግን ለገባው ሁሉ ጭረት ነበር የማሰምርለት። አንድ ቀን መዝገቡን ገልጦ አየና፣

"ጋሼ፣ ይሄ ጭረት መኪና ነው ወይስ ሰው?" አለኝ።

"መኪና ነው።"

"ሰውስ?"

"ሰው አጠር ይላል።"

ሳቀ። በያዝኩት ዱላ ልለው ምንም አልቀረኝም። በማግስቱ በምሳ ሰዓት እርሳስና ደብተር ይዞ መጣ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አልቀረም።

ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር ከመጋዘኑ ጀርባ ሲሚንቶ አፈሰሱና ሁለት ብረት ተከሉ፤ ብረቱ ጫፍ ላይ ሰሌዳ፣ ሰሌዳው ላይ ቀለበት። ለሠራተኛው መዝናኛ ነው ተባለ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ ሠራተኛ በምን ጉልበቱ እንደሚዝናና እነሱ ያውቃሉ። ቀለበቱ ዛገ፣ ኳሱም ግማሽ ነፋሱ ወጥቶ ጥግ ተጣለ። እኔ ያንን ብረት ባየሁት ቁጥር እራገም ነበር። የተከሉት ከማሳው ሁሉ ደህና ሽምብራ የሚሰጠው ቦታ ላይ ነው።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ምሳ ታመጣልኝ ነበር። እስክበላና ሳህኑን ይዛ እስክትመለስ ሥራ ስለሌላት ያንን የሞተ ኳስ ታነጥራለች። ነፋስ የሌለው ኳስ በዋዛ አይነጥርም፤ ክንዷን እንደ ዘነዘና እያነሳች ትወቃዋለች። "ተይ፣ ጫማሽን ትጨርሺዋለሽ" እላታለሁ። ጫማዋን አውልቃ ትቀጥላለች። ኋላ አሠልጣኟ እንደነገረችኝ፣ እጇ የጠነከረው በዚያ ኳስ ነው። ደህና ኳስ ሲሰጧት መዳፏ ላይ እንደ ለማዳ ውሻ ሆነላት። ቀለበቱም ቢሆን ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ስለነበር በቀጥታ ቢወረውሩበት አያስገባም። እሷ ሰሌዳውን ጥጉ ላይ መትታ ማስገባት ለመደች። አንድ ቀን ሃምሳ ጊዜ ስትወረውር ቆጠርኩ። የሳተችው ስድስት ነው። መቁጠር ድሮም አያቅተኝም።

ከዚያ ቀን ወዲያ ቀስ ብዬ መብላት ጀመርኩ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ እኔ አንዷን ጉርሻ እንደ ከብት አመነዥካታለሁ።

አንድ ዓመት የሠራተኞች ውድድር ተደረገና ከአዲስ አበባ አንዲት እንግዳ መጣች፤ ረጅም፣ ጉልበቷ ላይ ጠባሳ ያለባት፣ ድሮ ተጫውታ አሁን የአንድ መሥሪያ ቤት የሴቶች ክለብ የምታሠለጥን። በእረፍት ሰዓት ልጄ ሜዳው ባዶ ሲሆን ገብታ ስትወረውር አየቻት። በሩ ድረስ መጣች።

"ጋሼ፣ ያቺ ልጅ የማን ናት?"

"ምን አጠፋች?"

"አላጠፋችም። ለክለቤ እፈልጋታለሁ።"

"ለምን ሥራ?"

"ለመጫወት ነዋ! ሥራው እሱ ነው። ደሞዝ አለው።"

"ኳስ ለሚያነጥር ሴት ደሞዝ?"

"አዎ።"

"እንግዲያ ይህች አገር ድሃ አይደለችም" አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። እኔ አልቀለድኩም ነበር።

ውሉን ለመፈረም ክለቡ ቢሮ ሄድን። ልጄ ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ስለሆነ ፈራሚው እኔ ነኝ። ቡድን መሪው ከረባት ያሰረ ሰው ነው፤ አራት ገጽ ወረቀት አቀረበልኝና ብዕሩን ከፍቶ ያዘልኝ። እኔ መነጽሬን አወጣሁ። ከመጀመሪያው ገጽ፣ ከመጀመሪያው መስመር፣ ጣቴን ከቃሉ ሥር እያስኬድኩ ድምፄን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሰውየው ሰዓቱን አየ። ሻይ አዘዘ። ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰ። እኔ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነኝ።

"ጋሼ፣ መደበኛ ውል ነው፤ ሁሉም የሚፈርመው ነው" አለኝ።

"የባለፈውም መደበኛ ነበር" አልኩት። የትኛውን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም።

አንቀጽ ስድስት ላይ ቆምኩ። ውሉ የአንድ ዓመት ሙከራ ነው፤ ተጫዋቿ ያለ በቂ ምክንያት ሦስት ጨዋታ ከቀረች ይፈርሳል ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልክ ነው፤ ሥራ የሚቀር ሰው ይባረር። ከዚያ "እኔም የምጨምረው አለኝ" አልኩና ከግርጌው፣ ከመዝገብ ውጭ በሕይወቴ የጻፍኩትን የመጀመሪያ መስመር ጻፍኩ፦ ልጄ ከተማ ውስጥ አታድርም፣ ማታ ማታ ሰበታ ቤቷ ትገባለች። መስመሩ እንደ ተራራ መንገድ ጠመዝማዛ ነበር። ቡድን መሪው ፈገግ ብሎ ላዩ ላይ ማህተም አሳረፈበት። ያ ሰማያዊ ክብ በእጅ ጽሑፌ ላይ ሲያርፍ የተሰማኝን ደስታ ሚስቴን ሳገባም አላየሁትም። ለአንድ ጊዜ እንኳ ወረቀት የኔን ቃል ተናገረ። ከተማው የወሰደብኝ ይበቃል ነበር ሐሳቤ፤ ቀኑን ይውሰዱ፣ ማታውን አልሰጥም።

ልጄ ያኔ ጫማዋን እያየች ቆመች።

አዲስ የገባች ልጅ የመጀመሪያ ዓመቷን ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የምትጨርሰው ብለውኝ ነበር። የኔዋ ወንበሩን ያሞቀችው ሁለት ጨዋታ ነው። በሦስተኛው ከመጀመሪያው ደቂቃ አሰለፏት። እኔ ፈረቃ ስለነበረብኝ አልሄድኩም። የሄደው የመጋዘኑ ሰው ነው፣ ሰኞ ጧት ከበሩ ሳይደርስ ነበር የሚጮኸው፦

"ጋሼ! ልጅዎ ሌባ ናት!"

"ማነው ሌባ?"

"ኳስ ያላት ሴት ፊቷን ስታዞር እጇ ባዶ ነው! ልጅዎ ወዲያ ማዶ ናት! እንዴት እንደወሰደችባት ዳኛውም አላየ!"

"ዳኛው ካላየ እውነትም ሌባ ናት" አልኩት። ከዚያ ግን አስቀምጬ ከመጀመሪያው አስተረክሁት። ሁለት መኪና በሩ ላይ ጥሩምባ እየነፋ ቆመብኝ።

ታላላቆቹ ተጫዋቾች በስሟ አይጠሯትም፤ "ሰበታ" ነው የሚሏት። ሰበታ ነይ፣ ሰበታ አቀብይ። ቁመቷ ከሁሉም ያንሳል። እነዚያ ግንብ የሚያካክሉ ሴቶች መካከል ገብታ በክንዳቸው ሥር ትወጣለች። ጧት በአሥራ አንድ ሰዓት ተነስታ በሚኒባስ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና በሌላ ታክሲ ልምምድ፣ ከሰዓት ትምህርት፣ ከዚያ ቤት። አንድ ቀን ደከመኝ ስትል አልሰማሁም። እኔ በእሷ ዕድሜ ለሁለት ጥማድ እርሻ ሦስት ቀን አማርር ነበር።

እንዲህ እያለች ነው መንገዱ የተዘጋው።

የማስተር ፕላኑ ዓመት ነበር። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር አያይዞ ያሳድጋል የተባለው እቅድ። ከአምቦ መስመር እስከ ቡራዩ፣ ከሱሉልታ እስከ እኛ ሰበታ ወጣቱ ተነሳ፤ መሬታችን ሊወሰድ ነው ብሎ። ለኔ ዜና አልነበረም፤ እኔ እቅድ ከመውጣቱ በፊት የተወሰድኩ ሰው ነኝ። ግን ልጆቹ ልክ ናቸው። እኛ በአውራ ጣታችን ዝም ያልነውን እነሱ ጮኹበት። አስፓልቱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ወታደር መጣ፣ የጎረቤቶቼ ልጆች ታሰሩ። ከታሰሩት የአንዱ ወላጆች ዛሬም ስለዚያ ጊዜ ሲነሳ ክፍሉን ለቀው ይወጣሉ።

በዚያ መሀል የልጄ ሊግ አልቆመም። ከተማው ውስጥ ሁሉ ሰላም ነው፤ ከአየር ጤና ወዲያ ያለው ሰው ቅዳሜን ቅዳሜ አድርጎ ይውላል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ታክሲ አልነበረም። ቦርሳዋን ይዛ መናኸሪያ እስከ ስድስት ሰዓት ቆማ ተመለሰች። ለሁለተኛው ክለቡ ደግ ልሁን ብሎ መኪና ላከ፣ የአዲስ አበባ ታርጋ የለጠፈ። ያንን ታርጋ ይዞ በዚያ ሳምንት ወደ ሰበታ የሚነዳ ከከተማ ሰው በቀር ማንም የለም። ሰበታ ሳይደርስ ዓለም ገና ላይ የፊት መስታወቱ በድንጋይ ወረደና ሾፌሩ ወደ መጣበት ተፈተለከ። ልጄ በር ላይ ቆማ እየጠበቀችው ነበር።

በሳምንቱ መሀል መንገዱ ለአንድ ቀን ተከፈተና ከልምምድ ስትመለስ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ሰጠችኝ። ተቀምጬ አነበብኩት። ከቡራዩና ከሱሉልታ የመጡ ሌሎች ሁለት ተጫዋቾች ክለቡ በተከራየው ቤት ስለሚያድሩ አንድም ጨዋታ አልቀሩም ይላል። እሷም አልጋ ተዘጋጅቶላት ሳለ በወላጅ እምቢታ ስላልተጠቀመችበት የመንገዱ መዘጋት በቂ ምክንያት አይሆንም። ሁለት ቀርታለች። ሦስተኛ ብትቀር በአንቀጽ ስድስት ትሰናበታለች።

ወላጅ የተባለው እኔ ነኝ። ከመሬቴ ያስነሳኝን ወረቀት አላነበብኩትም፤ ልጄን የሚያስባርረውን ግን ራሴ ጽፌዋለሁ። በእጄ ጽሑፍ። በማህተም።

እናቷ ደብዳቤውን አስነበበችኝና፣ "ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሂድና ያቺን መስመር አጥፋዋ" አለችኝ።

"የጻፍኩትን አላጠፋም።"

"እግዜር ነህ እንዴ?"

የነበረኝ እልህ ብቻ ነው። ለልጄ፣ "ቅዳሜ እኔ አደርስሻለሁ" አልኳት።

"በምን?"

"በእግር። አቋራጭ አውቃለሁ።"

ሊነጋጋ ሲል ወጣን። ጨዋታው አራት ሰዓት ላይ ነው። አስፓልቱን ትተን በፉሪ በኩል በኮረብታው ልንሻገር። ያንን መንገድ ከብት እየነዳሁ ዓይኔን ጨፍኜ እሄደው ነበር። ዓይኔን ገልጬ ስሄድ ግን የለም። ጅረቱን ስንሻገር ቆርቆሮ አጥር። አጥሩን ዞረን ስንወጣ የብሎኬት ግንብ። ግንቡን ተከትለን አንድ የሰው ጓሮ ገባን፤ ሴትዮዋ ልብስ እያሰጣች ደንግጣ ጮኸች፣ ውሻዋ ሱሪዬን ያዘ። ልጄ ውሻውን በቦርሳዋ አባረረችልኝ።

"አባ፣ ይህን መንገድ መጨረሻ የሄድክበት መቼ ነው?"

"ዝም ብለሽ ተከተይኝ።"

"ንገረኝ፣ እኔ ተወልጄ ነበር?"

"አልተወለድሽም።"

ሳቋን ለመያዝ ቀደመችኝ። እኔ ከኋላዋ እየተራገምኩ ሄድኩ። ገበሬ ተነስቶ፣ ቤት የጠበበው ከአዲስ አበባ መጥቶ ሠርቶበታል። እሱም ኪራይ ያባረረው ምስኪን ነው፣ በእሱ አልፈርድም። ግን ሁለት ሰዓት ዞረን ተመልሰን አስፓልቱ ላይ ወጣን። አውቃለሁ ባልኩት መንገድ ያን ሁሉ ጊዜ አቃጠልኩባት።

አስፓልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች ቆመዋል።

"ኦቦ፣ አካም ቡልተን" ብሎ እንዴት እንዳደርኩ ጠየቀኝ አንዱ፤ ፊቱን በሻርፕ ሸፍኗል፣ ግን ትሕትናው አልቀረም። "ወዴት ነው?"

"ልጄን ላደርስ።"

"የት?"

"ጨዋታ አለባት። ኳስ።"

ሌላው ከኋላ ዘሎ መጣ። "ሰው እየታሰረ ኳስ? ለእነሱ ልትጫወትላቸው? አያሳፍርሽም?"

እኔ ዱላዬን ጠበቅ አደረግሁ። ልጄ ግን ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ልጁን ትክ ብላ አየችው።

"አንተ ስምንተኛ ክፍል ከኔ ሒሳብ ስትገለብጥ የነበርከው አይደለህም?"

ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩት።

"ምን አገናኘው?"

"እዚያ ሄጄ ምን እንደማደርግ ታውቃለህ? ኳሱን ከእጃቸው ነው የምቀማቸው። በአደባባይ! ዳኛ እያየ፣ እነሱው እያጨበጨቡልኝ! አንተ ማንን ቀማህ?"

መጀመሪያ ሻርፕ ያሰረው ነው የሳቀው። ከዚያ ሁሉም። ገልባጩ ራሱ ሳቀ። ሻርፕ ያሰረው ቦርሳዋን አንስቶ እስከሚቀጥለው ድንጋይ ተሸከመላት፤ እዚያም ለቆሙት "አሳልፏት፣ ሌባ ናት" ብሎ ጮኸላቸው። እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ እያሉ ካራ ቆሬ አደረሱን። ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። ከአየር ጤና ታክሲ ያዝን።

የጂምናዚየሙ በር ላይ አንድ ዘበኛ ዱላውን ጋረደብኝ። የሙያ ወንድሜ ነው፤ እኔም ብሆን ጫማው ጭቃ የሆነ ሰው አላስገባም።

"ወዴት ነው አባት?"

"አባቷ ነኝ።" ልጄ ሮጣ ገብታለች።

"የማን አባት?"

ስሟን ልነግረው አልኩና "የሰበታ" አልኩት።

"እንዴ! የሰበታ አባት? ቀድመው አይናገሩም! ይግቡ፣ ይግቡ!" ብሎ ራሱ ፊት ለፊት ወንበር ሰጠኝ። ዘበኛ ለዘበኛ ወንበር ሲለቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ጨዋታው በአራት ይከፈላል፤ አንዱ ክፍል አልቆ ሁለተኛው ተጋምሷል። ቁጥሩን ከሰሌዳው ላይ አነበብኩ፣ በአሥራ አራት ይመራሉ ሌሎቹ። ልጄ ወንበር ላይ ተቀምጣ ካልሲዋን ስታወልቅ ተረከዟ ተልጦ አየሁ። የኔ አቋራጭ የላጠው ነው። አሠልጣኟ አልተቆጣቻትም። ተረከዟን በፕላስተር ጠቅልላ ትከሻዋን መታ አደረገችና አስገባቻት።

ያየሁትን ልጻፍ። ከመጀመሪያው አላማረላትም። ሁለት ጊዜ ወርውራ ሳተች፣ እግሯ ከብዷል። አንዲት ግዙፍ ሴት ገፍታ ጣለቻት፤ እኔ ተነስቼ ቆምኩ፣ ከኋላዬ ያለው ሰው "ጋሼ ይቀመጡ፣ ፋውል ነው፣ ይሰጠናል" አለኝ። ልጄ ተነሳች። የቅጣት ውርወራውን ሁለቱንም አገባች። ከዚያ ያቺው ግዙፍ ሴት ኳስ ይዛ ስትመጣ ልጄ ወደኋላ ወደኋላ ሄደችላት፣ የፈራች መስላ። ሴትዮዋ አንድ ጊዜ ኳሱን ከፍ አድርጋ አነጠረች። አንድ ጊዜ ብቻ። ልጄ ኳሱ ከመሬት ተነስቶ ወደ ሴትዮዋ መዳፍ እየተመለሰ ሳለ መሀል ላይ ወሰደችው። አየር ላይ ነው የወሰደችው። ሮጣ ሄዳ የሰሌዳውን ጥግ መትታ አስገባች።

አዳራሹ "ሰበታ! ሰበታ!" አለ። የአዲስ አበባ ሰው ነው እንዲህ ያለው። ያቺን ቃል በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ ሰው የሚያነሳው ስለ ድንጋይና ስለ ጭስ ሲያወራ ብቻ ነበር።

ከዚያ አላቆመችም። የወሰደችውን ለራሷ ብቻ አታደርገውም፤ ያቺ ከሱሉልታ የመጣችው ልጅ ድሮ ሯጭ ነበረች፣ ልጄ ሳታያት ወደ ፊት ትወረውርላታለች፣ እሷም ትደርስበታለች። አሥራ አራቱ ስምንት ሆነ፣ ሦስት ሆነ። መጨረሻ ላይ በአንድ ነጥብ ተሸነፉ። ሰው ግን ቆሞ ያጨበጭባል። ከኋላዬ ያለውን ሰውዬ "ተሸንፈን የለም እንዴ?" አልኩት። "ተሸንፈናል፣ ግን አይተዋታል?" አለኝ። አይቻታለሁ። ዓይኔ ስለራሰ በደንብ አይደለም እንጂ።

ሲያልቅ ቡድን መሪው መጣ። "ዘግይታ ነው የመጣችው፣ ቀርታለች ነው የሚባለው፤ ሦስተኛዋ ነው" አለ። አሠልጣኟ የጨዋታውን ቅጽ አወጣች። የልጄ ስም እዚያ ላይ ተጽፏል።

"ጨዋታው ሳይጀመር ነው ያስመዘገብኳት። ስሟ ካለ ዘግይታም ትገባለች፣ ሕጉ ይፈቅዳል" አለችው።

"እንደምትመጣ በምን አወቅሽ?"

"አላወቅኩም። ጻፍኩ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ጋሼ፣ በዚህ በእግሯ መጣች ማለት ነው? ከሰበታ?"

"በእግሯ።"

"ለዛሬ ጻፍኩላት። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ግን አልጽፍም። በተላጠ እግር አላሰልፋትም፣ ካልመጣችም መጣች አልልም። የቀሩን ስድስት ጨዋታዎች ናቸው። ይቺ ልጅ እንዳየኋት ከሆነ የዚህ ዓመት አዲስ ተጫዋቾች ሁሉ አውራ ናት። እርስዎ የሚሉትን ይንገሩኝ።"

ልጄ ፎጣ አንገቷ ላይ አድርጋ ቆማለች። እንደ ውሉ ቀን ጫማዋን አላየችም። እኔን አየችኝ።

"ወረቀቱን አምጡልኝ" አልኩ።

ቢሮው ቅርብ ነው፤ አመጡት። መስመሬን አገኘሁት። ብዕር ተቀብዬ ከዳር እስከ ዳር ሰረዝኩት።

"ሥርዝ ድልዝ እንዲሁ አይጸናም፣ አጠገቡ ይፈርሙ" አለኝ ቡድን መሪው።

ፈረምኩ። ስሜን ፊደል በፊደል፣ ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት። መሬቴን ስሰጥ ጣቴ አልዘገየም፤ የማደርገውን አላውቅም ነበርና።

"አባ" አለችኝ ልጄ፣ "እኔ እኮ አጥፋው አላልኩህም..."

"ዝም በይ። እግርሽን በጨው ውኃ ዘፍዝፊው።"

ብቻዬን ተመለስኩ። ድንጋዩ ጋ ስደርስ ሻርፕ ያሰረው አሁንም እዚያው ነው።

"ኦቦ፣ ልጅቷስ?"

"እዚያው ቀረች።"

"አሸነፉ?"

"በአንድ ነጥብ ተሸነፉ።"

"እሷስ? ቀማቻቸው?"

"ራቁታቸውን ነው ያስቀረቻቸው" አልኩት። ፉጨቱ ዓለም ገና ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። "ነጋን ገላ ኦቦ!" እያሉ በሰላም እንድገባ ተመኝተው ሸኙኝ። እናቷ በሩ ላይ ቆማ ከኋላዬ ልጇን ስትፈልግ አየኋት። ስታጣ "እንኳን አጠፋኸው" አለችኝ። ከዚያ ገብታ አለቀሰች።

የቀሩትን ስድስት ጨዋታዎች አንድም አልቀረችም። በመሀል ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። የተወሰደው ተመለሰ ግን አልተባለም፤ መንገዱም ሲከፈት ሲዘጋ ከረመ። በተከፈተ ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ በተዘጋ ቅዳሜ በሩ ላይ ተቀምጬ እናደዳለሁ። ቤቱ ጭር አለ። ምሳዬን ራሴ ይዤ እሄድ ጀመር፤ በአምስት ደቂቃ በልቼ እጨርሳለሁ። ከተማው ላይ ያለኝን ቂም አልተውኩም፣ ከተማው መሬቴን ወስዷል። ልጄን ግን አልወሰደብኝም። እሷ ናት የሄደችው፣ እየሮጠች። ይህን ለመለየት አንድ የውድድር ዓመት ፈጀብኝ።

ሊጉ ሲያልቅ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ብለው ዋንጫ ሰጧት። የመጋዘኑ ሰው በሬዲዮ ሰምቶ ነው ወደ በሩ የሮጠው። የደቡብ ልጆች የሆኑ የፋብሪካው ሠራተኞች ተሰብስበው እልልታውን አቀለጡት፣ አለቃው ምን ሆናችሁ ብሎ ወጣ። እኔ በሩን ዘግቼ ቆምኩ። የሥራ ሰዓት ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ደወለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷታል።

"አባ፣ አዲስ ውል ፈረምኩ። የሁለት ዓመት።"

"ያለ እኔ?"

"ያለ አንተ። አሁን እችላለሁ እኮ።"

"አነበብሽው?"

"አነበብኩት።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። አንድ አንቀጽ አስቀየርኳቸው። ስመጣ እነግርሃለሁ፣ ሰኞ እመጣለሁ።"

ሰኞ ፈረቃዬ ነው። ባልደረባዬን ቀን እንዲቀይረኝ ጠየቅሁት። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ቀይረኝ ብዬው ስለማላውቅ ዓይኑን አጠበበ።

"ምን ተገኘ?"

"ልጄ ትመጣለች።"

"የትኛዋ? ኳስ የምትጫወተዋ?"

"ሌላ የለኝም" አልኩት።